ጊታሬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፈነዳ

ባለፈው ኅዳር ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ «ጧ!» የሚል ድምፅ ከእንቅልፌ አባነነኝ። መጀመሪያ ጥይት መሰለኝ። ቀጥሎ ትራንስፎርመር። ግን ትራንስፎርመር ሲፈነዳ መብራት ይጠፋል፣ የሰፈሩ ውሻም በአንድ ላይ ይነሳል፤ የዚያን ሌሊት መብራቱም አለ፣ ውሾቹም ዝም ብለዋል። ሳሎን ገባሁ። ጊታሬ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ነው። ብሪጁ ግን ቦታው ላይ የለም። ክሮቹ እንዳልተበጠረ ፀጉር ተንጨባረዋል፣ ብሪጁም ጫፋቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ብሪጅ ለማታውቁት፣ ጊታሩ ሆድ ላይ የተለጠፈችው፣ ክሮቹ የሚታሰሩባት ጠፍጣፋ እንጨት ናት። በሚስማር የተመታች ይመስለኝ ነበር። ለካ በኮላ ብቻ ነው የምትቆመው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ትንሽ ደግሞ የሱቁ ሰውዬ። ጊታሩ ለናይለን ክር የተሠራ ነው፤ አንገቱ ሰፊ፣ ሆዱ ቀለል ያለ። ክሩ ሲበጠስብኝ ገበያ ወጥቼ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሰውዬው ናይለን አልቆበት ነው መሰለኝ «ብረት አስገባበት፣ ናይለንማ የልጅ ነው፣ ድምፅ የለውም» አለኝ። አስገባሁበት። እውነትም ጮኸ። ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ ሦስት ሳምንት ጮኸ፤ ከዚያ የመጨረሻዋን ጮኸ።

በማግስቱ ያደረግኩት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ከኪዮስክ ሱፐር ግሉ ገዝቼ ብሪጁን ለጠፍኩት። ሁለት ቀን ቆየ። ሁለተኛ ሲነሳ ግን ብቻውን አልተነሳም፣ ከጊታሩ ፊት ላይ የእንጨት ልጣጭ እንደ ቁስል ቅርፊት ገንጥሎ ሄደ።

አንድ ጓደኛዬ ነው «ጋሼ ጋ ውሰደው» ያለኝ። የትኛው ጋሼ? «ጋሼ ጊታር ነዋ!» አለኝ፣ አዳማ ተወልጄ አድጌ አለማወቄ እያናደደው።

ፍራንኮን አልፋችሁ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አቅጣጫ ስትወርዱ፣ በርና መስኮት ከሚበይዱት ቤቶች ጀርባ፣ አንዲት በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለች። ምልክት የላትም። ስማቸውንም እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ምክንያታቸው ትሕትና አይደለም፣ «የተሰበረ ጊታር ሁሉ ተሸክሞ የሚመጣብኝ ሰው አልችልም» ነው ያሉት። ስለዚህ ጋሼ ብቻ እንበላቸው።

ስገባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቡና እየጠጡ ነበር። ጊታሩን ተቀበሉኝ። ገለበጡት፣ በአውራ ጣታቸው የተገነጠለውን ቦታ ዳሰሱት፣ ከዚያ አሸተቱት። እውነቴን ነው፣ አሸተቱት።

«ይሄን ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ሱፐር ግሉ?»

«አዎ።»

«ምነው አንተ ልጅ፣ ሲሚንቶ አጣህ እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት፣ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አንዲት ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ከረምኩ። የኔ ጊታር ጥገና ይሄን ያህል አይፈጅም ነበር። ግን ጎን ለጎን አዲስ ጊታር እየሠሩ ስለነበር እሱን ለማየት ነው የምሄደው። ቡናም አለ።

መጀመሪያ ያስረዱኝ ለምን እንደፈነዳ ነው። ስድስት የብረት ክር ተወጥሮ ሲቃኝ አንድ ላይ 70 ኪሎ ገደማ ይጎትታል። ናይለን ሲሆን ወደ 40 ኪሎ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ቀንና ሌሊት ብሪጁ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጎትት፣ የሚጎተተው የፊት እንጨት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጋሼ እንደሚሉት ጊታር ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ለመታጠፍ የሚታገል ዕቃ ነው። «ታዲያ ለምን አያወፍሩትም?» አልኳቸው። ዝም ብለው አንድ የሳንቃ ቁራጭ አንስተው በጣታቸው አንኳኩት። ጠፍጣፋ፣ ድፍን ድምፅ። «ወፍራም ነው፣ አይሰበርም። አይዘፍንምም» አሉ።

ዋናው የሥራው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፊቱን ብታሳሳው ይዘፍናል፣ ግን ክሩ ያሸንፈዋል። ብታወፍረው መቶ ዓመት ይቆማል፣ ድምፁ ግን እንደ ጠረጴዛ ነው። በመሀል ያለችው ቦታ በጣም ጠባብ ናት። ጋሼ በመላጊያ ሲያሳሱ መለኪያ አላቸው፣ 4፣ 3 ተኩል፣ 3 እያሉ ይወርዳሉ፤ ከ3 በታች ሲደርሱ ግን መለኪያውን ያስቀምጡና በሁለት እጃቸው እያጠፉ፣ እያንኳኩ ነው የሚሄዱት። ለምን ስላቸው «ሚሊ ሜትሩ የሚነግርህ መፍራት የምትጀምርበትን ቦታ ብቻ ነው» አሉኝ።

አንድ ቀን ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ሳንቆች ሰጡኝ። ርዝመታቸው እኩል፣ ውፍረታቸው እኩል፣ ቀለማቸው አንድ። ከጫፉ ሩብ ያህል ገባ ብለህ በሁለት ጣት ብቻ ያዘውና መሀሉን አንኳኳው አሉኝ። የመጀመሪያው «ዶ» ብሎ ዝም አለ። ሁለተኛው ግን እንደ ደወል ነዘረ፣ ጣቴ ላይ ሁሉ ተሰማኝ። ደነገጥኩ። አዙረው የሳንቃውን ጫፍ አሳዩኝ። የሚጮኸው የእንጨቱ መስመሮች ከገበታው ጋር ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ የሌላው ግን ጋደም ብለዋል። ግንዱ ከመሀል ወደ ዳር፣ እንደ ኬክ ተቆርጦ ሲሰነጠቅ ነው መስመሩ የሚቆመው። ብዙ እንጨት ይባክናል፣ ስለዚህ መጋዝ ቤቶች እንደዚያ አይቆርጡም። ግንዱን ዝም ብለው እንደ ዳቦ ይቆራርጡታል።

ከፊቱ ስር፣ ውስጥ በኩል፣ ማንም የማያያቸው ቀጫጭን እንጨቶች ተለጥፈዋል። ጋሼ «ማገር» ነው የሚሏቸው። ልክ ናቸው፣ የጭቃ ቤት ማገር የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠሩት። በናይለን ጊታር ላይ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፣ በብረት ክር ጊታር ላይ ግን መሀል ላይ ተጣልፈው ኤክስ ይሠራሉ። የኤክሱ ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ማርቲን የሚባለው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ነው ያስፋፋው። የማራገቢያውን ቅርጽ ደግሞ መልክ ያስያዘው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የሚባል የስፔን ሰው ነው፤ የአልሜሪያ ሰው፣ ከ1817 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የኖረ።

ጋሼ ስለ ቶሬስ ሲያወሩ ስለ ሟች ወንድማቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። እሱም መጀመሪያ አናጢ ነበር። በ1862 እ.ኤ.አ. አንድ ጊታር ሠራ፣ ፊቱ ጥሩ እንጨት፣ ጀርባውና ጎኑ ግን ካርቶን! የጊታር ድምፅ ያለው ፊቱ ላይ ነው ብሎ ለማሳየት ነው። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አለ። ጋሼ ፎቶውን ያገኙት የልጅ ልጃቸው በስልክ አሳይታቸው ነው፤ በትልቁ አሳትመው ግድግዳው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ትንሽ ዝቅ አድርገው ሰቅለውታል። «ካርቶን በእንዲህ ያለ ፊት ከዘፈነ ዋንዛማ ምን ሊሆን ነው» ይላሉ።

እሳቸው ሥራውን የለመዱት ወንጂ ነው። ስኳር ፋብሪካው የእንጨት ክፍል ውስጥ በወጣትነታቸው ተቀጥረው በር፣ ሳጥን፣ ወንበር ይሠሩ ነበር። በሰባዎቹ ሮሃ ባንድ ገኖ፣ የሰላም ስዩም ጊታር በየካሴቱ ሲሰማ፣ ጊታር የሚባል ነገር ያዛቸው። መግዛት አይቻልም፣ ኤሌክትሪኩማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አንድ የተሰበረ የናይለን ጊታር ለመኑ፣ ፈቱት፣ እያንዳንዱን ክፍል በደብተር ስለው ለኩት። የመጀመሪያውን ከኮምፔንሳቶ ሠሩ። «ከርቀት ጊታር ይመስል ነበር፣ ስትቀርበው ከርቀት ብታየው ይሻልሃል» ብለው ሳቁ። እስካሁን የሠሩት 31 ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ። የቀረው ጊዜ ለቁም ሳጥንና ለአልጋ ነው የሄደው፣ ጊታር ልጅ አያሳድግም።

ያ ደብተር አሁንም አለ። ሽፋኑ የለም፣ ገጾቹ ሻይ የፈሰሰባቸው ናቸው። አንዱ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ተጽፏል። ምንድን ነው ስላቸው ለግማሽ ሰዓት የሂሳብ ትምህርት ሰጡኝ፣ ሳልወድ ሳይሆን ወድጄ ነው የሰማሁት።

ነገሩ ይሄ ነው። ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ በግምት አይቀመጡም። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ለ17.817 አካፍለው፣ 36.5 ገደማ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ክሩ ከሚጀምርበት ከአንገቱ ጫፍ ያን ያህል ርቆ ነው። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 አካፍል፣ ሁለተኛው እዚያ። እንዲህ እያልክ 12ኛው ላይ ስትደርስ ልክ ግማሹ ላይ፣ 325 ላይ ያርፋል። የድሮ ሠሪዎች ለማስላት እንዲቀላቸው ለ18 ነበር የሚያካፍሉት። ጋሼም በመጀመሪያው ጊታር እንደዚያ አደረጉ፣ አንድ ሰው «18 ነው» ብሏቸው። በ18 ከሄድክ 12ኛው ፍሬት ከቦታው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይቀራል። ሁለት ሚሊ ሜትር ምንድን ነው? ለቁም ሳጥን ምንም። ለጆሮ ግን ጥርስ ሕመም ነው። ክፍት ክሩን ትቃኘዋለህ፣ ከፍ ስትል ይሸሻል፣ ከፍ ያለውን ስታስተካክል ታችኛው ይበላሻል። አንድ ዓመት ሙሉ ጆሯቸው የተበላሸ መስሏቸው ነበር አሉ።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። ጎኑን ማጠፍ።

የጊታር ጎን ወገብ አለው አይደል? ያ ቅርጽ ተጠርቦ የወጣ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሳሳ ረጅም ሳንቃ ነው፣ በሙቀት የሚታጠፍ። ጋሼ አንድ ወፍራም የውሃ ቱቦ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ አስረዋል፤ በአንድ በኩል የጋለ ከሰል ይሞሉበታል። ሳንቃውን ውሃ ያስነኩትና ቱቦው ላይ አጋድመው ይጫኑታል። መጀመሪያ እንፋሎት ነው፣ ጭስ የመሰለ፣ ትኩስ እርጥብ እንጨት የሚሸት። ምንም አይሆንም። ይጫናሉ፣ ይጠብቃሉ። እንጨቱ ግትር ነው፣ ይገፋል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሆነ ቅጽበት ላይ መግፋቱን ይተዋል። ቆዳ እንደሚለሰልሰው ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ነው ማጠፍ፣ ቀድመህም አይደለም፣ ቆይተህም አይደለም።

«ሞክር» አሉኝ። ሞከርኩ። ሲለሰልስ ተሰማኝ፣ በደስታ ጫን አልኩት፣ ቀጭ! ሁለት ቦታ። የዋንዛ ሳንቃ ነው፣ ስንት ዓመት የደረቀ። አፈርኩ። እሳቸው ግን ተቆጥተው አይደለም፣ ስባሪውን ወስደው ከሰሉ ላይ ጣሉትና «አንድ ሁለት እንጨት ያልበላ ሰው አይለምድም» ብለው ሌላ አነሱ። ለሌላኛው ግን እኔን አልጋበዙኝም።

የእንጨቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር። የክፍሏ ጣሪያ ስር እንጨት ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ወርና ዓመት ተጽፏል። «መስ 98» ይላል አንዱ። እሱ ገና ነው ወይ አልኳቸው፣ «ደርሷል፣ እኔ ነኝ ያልደረስኩት» አሉ። ዋንዛ ለጀርባና ለጎን፣ ወይራ ለአንገቱ ፊት፣ ለማገርና ለፊት ደግሞ ዝግባ። አብዛኛውን የሚያገኙት ከሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች ነው። በ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተገድቦ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ የድሮ ቤት ፈረሰ ሲባል ጋሼ በባጃጅ ከተፍ ይላሉ። የበር መቃን፣ የጣሪያ ወራጅ፣ የተሰበረ ቁም ሳጥን። የሚስማር ቀዳዳ ካለው ለማገር ይሆናል።

በነገራችን ላይ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ «ሲዳር ፊት ያለው ጊታር» ሲሉ እኛ ዝግባ ብለን እንተረጉማለን፣ መጽሐፍ ቅዱሱም የሊባኖስ ዝግባ ስለሚል። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ዛፎች ናቸው! የሊባኖሱ አንድ ነው፣ የኛ ዝግባ ሌላ ነው፣ የጊታሩ ሲዳር ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ሆኖ ከኛ ዝግባ ይልቅ ለኛ ጥድ ነው በዘር የሚቀርበው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ጥድ ሞክሬ ለምን አልጮኸልኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የናዝሬት ነፋስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው (እናቴ አዳማ አትልም፣ ከሷ ነው የለመድኩት)። ነፋሱን ታውቁታላችሁ፣ በከንቱ አይደለም ኮረብታው ላይ ያን ሁሉ ተርባይን የተከሉት። ጊታር የሚመቸው አየር እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ የሆነ ነው። የኛ በጋ ያን አያውቅም። እንጨት ሲደርቅ የሚጠበው በወርዱ ነው፣ በቁመቱ ምንም አይልም። አሁን አስቡት፣ ፊቱ በወርዱ ሊጠብ ይፈልጋል፣ ከስሩ ያለው ማገር ደግሞ አግድም ተለጥፎበት በቁመቱ አይጠብም፣ አልንቀሳቀስም ይላል። አንዱ መሸነፍ አለበት። የሚሸነፈው ፊቱ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ጋሼ ማገር የሚለጥፉት ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ የሆነው። እንጨቱ መጥበብ የሚችለውን ሁሉ ጠቦ ጨርሶ ሲለጠፍ፣ ክረምት ሲመጣ ትንሽ ያብጣል እንጂ አይሰነጠቅም። በክረምት ለጥፈኸው በጋ ቢመጣበት ግን አለቀለት። ሐምሌ ላይ ጊታር ሥሩልኝ ያላቸውን ሰው «ኅዳር ተመለስ» ብለው ይሸኙታል። አብዛኛው አይመለስም።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማንም። ጋሼ የኮምፔንሳቶ ጊታር ስም ሲጠራ ፊታቸው ይጨማደዳል። እኔ ደግሞ የአንድ ጓደኛዬን አውቃለሁ፣ ርካሽ የኮምፔንሳቶ ጊታር ስምንት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ነፋስ እየገባበት፣ አንድ ስንጥቅ የለውም። ይሄን ስላቸው «የሞተ ሰው አይታመምም» አሉኝ። ይሳቅ እንጂ ልክ አይመስለኝም። ያ ልጅ በዚያ በሞተ ጊታር ነው መጫወት የለመደው፣ አሁን የመዘምራን ቡድን ያሠለጥናል። ለጀማሪ፣ ለዚያውም በኛ በጋ፣ የጋሼን ዓይነት ጊታር መስጠት ጨቅላ ሕፃን ማሳቀፍ ነው። የሳቸው ጊታር ባለቤቱ መሆን ሥራ አለው።

የኔን የጠገኑት በሙቅ ኮላ ነው። ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ፣ እንደ ማር ቢጫ የሆነ፣ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሆኖ ሌላ ውሃ ያለው ድስት ውስጥ የሚሞቅ። ከ60 ዲግሪ ብዙ እንዲያልፍ አይፈቅዱም፣ ከፈላ ኃይሉ ይሞታል። ሽታው ደስ አይልም፣ እውነቱን ለመናገር የእርጥብ ውሻ ሽታ ነው። ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነገ ሌላ ጠጋኝ ሙቀትና እርጥበት ቢሰጠው ይለቃል፣ እንጨት ሳይገነጥል። የኔን ሱፐር ግሉ ፍቀው ለመጨረስ ሁለት ከሰዓት ፈጀባቸው። ከዚያ በገነጠልኩት ልክ የዝግባ ቁራጭ ቆርጠው፣ መስመሩን ከመስመሩ ጋር አግጥመው ከተቱበት። የት እንደሆነ አሁን በጥፍሬ ካልፈለግኩት አላገኘውም።

ያስከፈሉኝ ብር ያሳፍራል፣ ከሁለት እሽግ ክር ብዙም አይበልጥም። ልጨምር ስል ተቆጡኝ። ይልቅ አንዲት የሳሙና ሳጥን ሰጡኝ፣ ክዳኗ የተበሳሳ፣ ውስጧ ስፖንጅ ያለው። ስፖንጁን አርጥበህ፣ በደንብ ጨምቀህ፣ ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ ክተታት፣ እስከ ሚያዝያ አሉኝ። ክሩም ናይለን ነው፣ እሳቸው ፊት አስገብቼ ነው የወጣሁት።

አሁን ጊታሩ አልጋዬ አጠገብ ነው የሚያድረው። ትናንት ሌሊት ደግሞ «ቀጭ» የሚል ነገር ሰምቼ ዘልዬ ተነሳሁ፣ መብራት አበራሁ፣ ቦርሳውን ከፍቼ ብሪጁን በጣቴ ዳሰስኩ። ደህና ነው። ቀጥሎ እንደገና «ቀጭ» አለ። ከላይ ነው። ቀን ሲግል የዋለው የቤታችን ቆርቆሮ እየበረደ ነው። ስፖንጁ ግን ደርቆ ስላገኘሁት፣ አርጥቤው ተኛሁ።